ለእርሻ የተወለደችው መኪና ለእናት ስትደርስ

በበዓል ዋዜማ ማለዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር ከሚያወጡት መንገዶች በአንዱ ዳር ቆሞ ለሚያስተውል ሰው አንድ የተለመደ ነገር ከዓይኑ አይጠፋም። ኋላዋ ክፍት የሆነ የመስክ መኪና ትመጣለች። ከበስተኋላዋ የስኳር ጆንያ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ፍራሽና የወንበር እግር ይታያል። ከፍራሹ በላይ ሦስት አራት ልጆች ተቀምጠው ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታው ይስቃሉ። ከአጠገባቸው አንዲት እናት በአንድ እጇ ሕፃኗን አቅፋ፣ በሌላው እጇ የመኪናዋን ጠርዝ ጨብጣለች። ዘመድ ከታች ሆኖ «ኧረ ልጆቹ!» ቢል፣ «አይዞህ፣ ይህች መኪና እኮ ጠንካራ ናት፤ ገደል ትወጣለች» የሚል መልስ ከጋቢናው ይሰማል። እናትም ይህንን ሰምታ ልቧ ይረጋል።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ምናልባት አንድ ቀን እንዲህ ተሳፍረው ይሆናል። ወይም ባለቤትዎ፣ ወንድምዎ፣ ልጅዎ ለሥራ ወደ መስክ ሲወጣ የሚጓዘው በዚችው መኪና ነው። እርስዎ ራስዎ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የጥናት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ ወንበሯንና ንዝረቷን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

መኪናዋ ጠንካራ መሆኗን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥንካሬዋ ለምን ሥራ የተሰጣት ነው? ለማንስ ይጠቅማል? ማንንስ ያሞኛል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። የዚችን መኪና ጠባይ ማወቅ የሾፌሩ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ቤተሰቧን የምታሳፍር እናትም ልታውቀው የሚገባ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገርን ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአመጣጧ እንጀምር። በብዙ ኢትዮጵያዊ የልጅነት ትዝታ ውስጥ ላንድሮቨር አለች። ኮፈኗ ጠፍጣፋ፣ ጎኗ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለ፣ ትርፍ ጎማዋን በኮፈኗ ወይም በጀርባዋ ላይ የተሸከመች መኪና ናት። ወደ መንደሩ ስትመጣ ልጆች አቧራውን ተከትለው ይሮጡ ነበር።

የላንድሮቨር ታሪክ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ነው። ሞሪስ ዊልክስ የሚባል መሐንዲስ የሮቨር መኪና ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ ነበር፤ ወንድሙ ስፔንሰር ዊልክስ ደግሞ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሞሪስ በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ላይ የእርሻ ቦታ ነበረው። በዚያም ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ለእርሻ ሥራ ይጠቀምባት ነበር። ጂፗ ጠቃሚ ብትሆንም መለዋወጫዋ ማለቁ አይቀርም። ታዲያ ይህች ስታረጅ በምን እንተካታለን? የሚለው ጥያቄ ለሁለቱ ወንድማማቾች ሐሳብ ሰጣቸው። ሞሪስ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ የመኪናዋን ቅርጽ እንደሳለላት ይተረካል።

ዘመኑ የችግር ዘመን ነበር። ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር የመኪናዋ አካል የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ጎኗ ጠፍጣፋ የሆነውም ለውበት ታስቦ አልነበረም። ውድ የሆነ የቅርጽ ማውጫ መሣሪያ እንዳያስፈልግ ተብሎ ነው። እጥረት የወለደው ይህ ዘዴ በኋላ ትልቅ ጥቅም ሆኖ ተገኘ፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግምና። በመጀመሪያው ሙከራ መሪዋ እንደ ትራክተር በመካከል ላይ ነበር። ይህ ሐሳብ ግን ወደ ፋብሪካ ምርት ሳይሸጋገር ቀረ።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 ዓ.ም. በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷም 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ፋብሪካው የሸጣት ለገበሬ እንደሚሆን የሥራ መሣሪያ ነበርና በሯና ጣራዋ እንኳ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎባቸው ለብቻ የሚገዙ ዕቃዎች ነበሩ። ይህንን ነጥብ በአእምሮዎ ይያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ መልኳ እየታደሰ፣ ርዝመቷ እየጨመረ፣ ከ1990 ጀምሮም «ዲፌንደር» የሚል ስም ይዛ እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሶሊኸል ፋብሪካ ስትሠራ ቆየች። በ68 ዓመት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዛሬ በስሟ የሚጠራ ሌላ ዘመናዊ መኪና ቢኖርም የቀድሞዋ ግን ሥራዋን አስረክባ አርፋለች።

በአገራችን መንገድ ላይ የእሷን ቦታ በብዛት የወሰዱት የጃፓን መኪኖች ናቸው። ቶዮታ የመጀመሪያዋን ባለ አራት ጎማ ተነጂ የሥራ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ «ላንድክሩዘር» የሚለው ስም የተሰጣት በ1954 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው 70 ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት ዛሬም እየተሠራ ይገኛል። በየወረዳው የምናያት፣ ጎኗ ላይ ቀይ ምልክት ያለባት አምቡላንስ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዓይነት ናት።

አራት ሰው የያዘው ቃሬዛ

ለመሆኑ ይህችን መኪና ከተራ መኪና የሚለያት ምንድን ነው? ምሳሌ እንስጥ። አንድ በሽተኛ በቃሬዛ ሲጫን ቃሬዛውን አራት ሰዎች ይይዙታል። ሁለቱ ብቻ ቢሸከሙና አንደኛው በጭቃ ላይ ቢንሸራተት ቃሬዛው ይወድቃል። አራቱም ከተሸከሙ ግን አንዱ ቢያዳልጠው ሌሎቹ ይደርሱለታል።

በተራ መኪና ላይ የሞተሩ ጉልበት የሚደርሰው ለሁለት ጎማዎች ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ተከታይ ናቸው። በመስክ መኪና ላይ ግን ሾፌሩ ሲፈልግ ጉልበቱ ከፊትም ከኋላም ላሉት ጎማዎች ይደርሳል። የኋለኞቹ በጭቃ ቢያዳልጣቸው የፊተኞቹ ይጎትታሉ።

ከዚህም ሌላ በካምቢዮው አጠገብ ያለች ትንሽ ማንሻ መኪናዋን ወደ ዝግተኛ ማርሽ ታስገባለች። በዚህ ማርሽ መኪናዋ እንደ በሬ ቀስ ብላ፣ ነገር ግን በብዙ ጉልበት ትራመዳለች። ጥቅሙ ዳገት ለመውጣት ብቻ እንዳይመስልዎ። ቁልቁለትም ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ስለሚይዛት ፍሬኑ ከመጋል ይድናል። አንዲት ሴት የሞላ የወጥ ድስት ይዛ ደረጃ ስትወርድ እግሯን እየለካች እንደምታወርድ ማለት ነው።

ሆኖም ሁሉ ነገር ቦታ አለው። በብዙዎቹ የመስክ መኪኖች ላይ የአራቱን ጎማዎች ጉልበት አንድ ላይ አሥሮ በደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት አይገባም። መኪና ስትታጠፍ አራቱ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል አይደለምና፣ መሬቱ ካላንሸራተታቸው በስተቀር የውስጥ ዕቃዋ ይጨነቃል፤ መሪዋም ይከብዳል። ጥሩ ሾፌር የሚታወቀው አራቱንም መቼ እንደሚያስገባና መቼ እንደሚያወጣ በማወቁ ነው።

ያልገባችበት ሥራ የለም

ላንድሮቨር ስትሠራ ከሞተሯ ጉልበት ተውሶ ሌላ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ማያያዣ ሊገጠምላት ይችል ነበር። በዚህ ዘዴ ቆማ እንጨት ትሰነጥቃለች፤ ውሃ ከጉድጓድ ትስባለች፤ እህል መውቂያ ታዞራለች፤ መብራት ታመነጫለች። ገበሬው ጠዋት እርሻ ላይ ሲሠራባት ውሎ ማታ ወተቱን ይጭንባታል።

ከእርሻው ወጥታም ብዙ ሙያ ተማረች። በአንድ አገር የእሳት አደጋ መከላከያ፣ በሌላው የፖሊስ፣ በሌላው አምቡላንስ ሆነች። ፊልም ማሳያ ተጭኖባት በገጠር አደባባይ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የሆነችበትም ጊዜ አለ።

በአገራችንም ቢሆን የመስክ መኪና ታሪክ ከጤናና ከዕውቀት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በሚባለው ሥፍራ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ከካምፓቸው ተነሥተው ወደ ቁፋሮው ሜዳ የሄዱት በላንድሮቨር ነበር። በዚያች ዕለት ነው ዓለም ሉሲ ብሎ፣ እኛም ድንቅነሽ ብለን የምንጠራት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የሰው ዘር ጥንታዊት አካል ቅሪት የተገኘችው።

ወባን ለመከላከል ቤት ለቤት መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞችን፣ አንበጣ የሚያባርሩ ባለሙያዎችን፣ በድርቅ ዘመን እህል የሚያድሉ ሰዎችን ወደ ቆላና ወደ በረሃ ያደረሰው እንዲህ ያለው መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 አንሥቶ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት የተደረገውንም ዘመቻ ማንሳት ይገባል። የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በኢትዮጵያ የታየው በ1976 ነው። በዚያ ዘመቻ መኪና የሚደርሰው እስከ መንገዱ መጨረሻ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ የክትባት ሠራተኛው ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ ወይም በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ይጓዛል። ስለዚህ የመስክ መኪና የቱንም ያህል ብትጎብዝ የመጨረሻውን እርምጃ የሚራመደው ሰው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መሪውን የጨበጡ ሴቶች

«ይህ የወንድ መኪና ነው» ሲባል ይሰማል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም።

የእንግሊዝዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘውድ ሳይጫንላቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በ18 ዓመታቸው በሴቶች የጦር አገልግሎት ገብተው ሾፌርነትና መካኒክነት ተምረዋል። ጎማ መፍታት፣ ሞተር መመርመር የተማሩት በዚያ ነው። ከዚያም እስከ እርጅናቸው ድረስ በርስታቸው ላይ ላንድሮቨር ራሳቸው ሲነዱ ይታዩ ነበር።

በአውስትራሊያ የተወለደችው ደራሲ ባርባራ ቶይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1950 አንዲት ላንድሮቨር ይዛ ብቻዋን ከታንጂር ተነሥታ ሰሜን አፍሪካን አቋርጣ ባግዳድ ደረሰች። በ1961 ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ የሳባን ንግሥት አገር ለማየት ሰሃራን አቋርጣ እስከ ኢትዮጵያ የመጣችበትን ጉዞ ይተርካል። በዚያ ዘመን በየመንገዱ የገጠማት ጭቃና አሸዋ ሴት ናት ብሎ አልራራላትም፤ እሷም ሴት ነኝ ብላ አልተመለሰችም።

ይህንን የምናነሣው እያንዳንዷ አንባቢያችን በረሃ ታቋርጥ ብለን አይደለም። ነገር ግን ክሪክ እንዴት እንደሚገባ፣ የጎማ ነፋስ ማነሱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ማወቅ ለወንድ ብቻ የተሰጠ ዕውቀት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ያወቀ ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀም ይድናል።

ምጥ የያዛት እናትና የመስክ መኪና

ከመኪናዋ ሙያዎች ሁሉ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ከሁሉ የሚበልጠው ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሐኪም ማድረሷ ነው።

የጤና ባለሙያዎች የወላድ እናት ሞት ከሦስት መዘግየቶች እንደሚመጣ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ቤተሰቡ «እንሂድ» ብሎ ለመወሰን መዘግየቱ ነው። ሁለተኛው ከተወሰነ በኋላ በመንገድ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ከጤና ድርጅቱ ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። መኪና የሚያሳጥረው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም አለመቆም እናትን በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሊገድላት ስለሚችል ግን ይህችው ሁለተኛዋ መዘግየት ብቻዋን ሕይወት ትወስዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ድርጅት የሚወልዱ እናቶችም በ2011 ከመቶ 10 የነበሩት በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ ለውጥ የመኪና ሥራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአዋላጆችና የጤና ጣቢያዎች መብዛት ድርሻው ከፍ ያለ ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለየወረዳው ይታደሉ የጀመሩት አምቡላንሶች በዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው። ቀድሞ በጎረቤት ትከሻ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ትጓዝ የነበረች እናት መኪና እስከሚገባበት ድረስ ብቻ ተይዛ፣ ከዚያ በኋላ በአምቡላንስ የምትደርስበት ቦታ በዝቷል።

«እኔ የከተማ ነዋሪ ነኝ፤ ይህ ምን ያገባኛል?» ይሉ ይሆናል። ያገባዎታል። እህትዎ በገጠር ትኖር ይሆናል፤ በቤትዎ የምታግዝዎት ልጅ እናት በገጠር ናት፤ የሥራ ባልደረባዎ ባለቤቱን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ልኳት ይሆናል። በስልክ ስታገኟት «እንዴት ነሽ?» ብቻ ብለው አይዝጉ። የሚከተለውን ይጠይቋት፦

የአምቡላንሱን የጥሪ ቁጥር ይዛለችን? መኪና እስከ ደጇ ይገባልን? ካልገባስ እስከ መንገዱ የሚሸከሟት ሰዎች እነማን ናቸው? ክረምት ከሆነ ወንዙ ሲሞላ በየት በኩል ይዞራል? ደም ቢያስፈልግ የሚሰጥ ዘመድ ተነግሮታልን? መንገዱ ጨርሶ የማይመች ከሆነ ደግሞ ቀኗ ሳይደርስ አስቀድማ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል አጠገብ በሚገኝ የወላዶች ማቆያ ቤት ብትቆይ ይሻላታል። በጉራጌ አካባቢ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ማቆያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያገለግልበት ቆይቷል። ከሁሉ የሚሻለው መኪና ሳያስፈልግ ከቦታው ቀድሞ መገኘት ነውና።

ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ግን እስከ ነገ አይቆይም። በመኪናዋ ውስጥም እናቲቱ በጀርባዋ እንድትተኛ አይደረግም። በግራ ጎኗ ትተኛ። በጀርባ ሲተኙ የከበደው ማሕፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናልና። አዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 መሆኑን በቤትዎ ግድግዳ ላይ ጽፈው ቢለጥፉት መልካም ነው።

ጉልበቷ የማያድንበት ጊዜ

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተውናት፣ በፍራሽ ላይ ልጆቿን ይዛ ወደተቀመጠችው እናት እንመለስ። መኪናዋ ጠንካራ ናት የተባለችው እውነት ነው። ነገር ግን ጥንካሬው ለጭነት የተሠራ ጥንካሬ ነው። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር በርና ጣራ እንኳ ለብቻ የሚገዙላት መሣሪያ እንደነበረች ያስታውሱ። የኋላዋ አልጋ የተሠራው ለጆንያና ለአካፋ ነው። የልጅን ገላ የሚይዝ ነገር በላዩ የለም።

በዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አራቱም ጎማዎች መሳባቸው ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም። ተራዋም መኪና ስትቆም በአራት ጎማዋ ነው የምትቆመው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ40 ከምትሄደው ጋር ስትነጻጸር ለመቆም አራት ጊዜ የሚበልጥ መንገድ ትፈልጋለች።

ሁለተኛ፣ ቁመቷ ከፍ ያለ መሆኑ ከድንጋይ ሲያድናት በመታጠፊያ ላይ ይጎዳታል። በፖርቶመጋላዋ ላይ ጆንያ ሲከመርባት፣ በጭነቱም ላይ ሰው ሲቀመጥ፣ ክብደቷ ወደ ላይ ይሄዳልና ለመገልበጥ ትቀላለች። እንሥራ በራሷ የተሸከመች ሴት ስትታጠፍ ለምን ቀስ እንደምትል ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ «ባሌስትራዋ ይችላል» እየተባለ ያለ ልክ ትጫናለች። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የሚሸከሙት 1 ቶን ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ 15 ሰዎች ብቻቸውን 975 ኪሎ ይሆናሉ። ጆንያው፣ ጀሪካኑና ፍራሹ ታዲያ በማን ሒሳብ ነው?

አራተኛ፣ ወንዝ ነው። ብዙ ሰው ያለቀው «ይህቺማ ትሻገራለች» በሚል ቃል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወራጅ ውሃ ብዙዎቹን መኪኖች፣ የመስክ መኪናንም ጭምር፣ አንሥቶ ሊወስዳቸው ይችላል። ጎማ መሬት ካልነካ አራት ቢሆን፣ ስድስትም ቢሆን ጥቅም የለውም።

አምስተኛ፣ ሕፃንን አቅፎ መያዝ መጠበቅ ይመስላል። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደች ብትጋጭ ያልታሠረ ሰው የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ ከመውደቅ ጋር የሚመሳሰል ነው። ከዚያ ከፍታ የሚወድቅን ልጅ በክንዷ አፍና የምታስቀር እናት የለችም። ፍቅሯ ቢችልም ክንዷ አይችልም።

ከመሳፈርዎ በፊት

ምክራችን አጭር ነው።

ልጅ በክፍት የመኪና ጀርባ አይጫን። ጭነቱ በኋላ፣ ሰው በወንበር ይሁን። ወንበሩ ካልበቃ ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም በአውቶቡስ መሄድ ይሻላል። የአውቶቡሱ ዋጋ ከሐኪም ቤት ወጪ አይበልጥም።

በጎንና በጎን ትይዩ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ባለበት መኪና ትንንሽ ልጆችን ወደ ፊት በሚያይ፣ ቀበቶ ባለው ወንበር ያስቀምጡ። ሕፃን ካለ ለሕፃን የተሠራ መቀመጫ ቢገኝ እጅግ መልካም ነው። እርስዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ቀበቶውን አይፍሩት። የታችኛው ክፍል ከሆድዎ በታች በዳሌ አጥንትዎ ላይ፣ የላይኛው በጡቶችዎ መካከል ይለፍ። በሆድ ላይ ግን አይሠር።

ከሰው ጋር በተዘጋ መኪና ውስጥ ቤንዚን በጀሪካን አይጫን። የኋላውንም በር ከፍቶ መሄድ የጢሱን ጋዝ ወደ ውስጥ ይስባልና ይዘጋ።

እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ሲገጥም፣ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ በከባድ ማርሽ ውረድልን» ማለት ነውር አይደለም። ወንዝ ሲሞላ ደግሞ «እንጠብቅ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚናገር ሰው ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ በልቡ ፈርቶ ሳለ ፈሪ እንዳይባል ዝም ይላል። እናት ከተናገረች ግን ሌላውም ይናገራል።

በመስክ ሥራ ላይ ያላችሁ ሠራተኞችም ብትሆኑ ከመውጣታችሁ በፊት የጎማውን ነፋስ፣ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የፍሬኑን ዘይትና የመጠጥ ውሃውን ተመልከቱ። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለመሥሪያ ቤታችሁም ለቤታችሁም ንገሩ። ሾፌሩ ደክሞት እንደሆነ ሳይጠየቅ አይናገርምና ጠይቁት።

ይህችን መኪና ለማጣጣል የተነሣን አይደለንም። ከአሸዋ ላይ ሥዕል ተነሥታ በዓለም ዙሪያ ውሃ የሳበች፣ እሳት ያጠፋች፣ ክትባት ያደረሰች፣ እናትንም ከሞት አፋፍ የመለሰች መኪና ናት። ውለታዋ ብዙ ነው። ነገር ግን እንደ መጥረቢያ፣ እንደ ምድጃ፣ እንደ ስፌት መኪና ሁሉ እሷም መሣሪያ ናት፤ ሥራዋን ላወቀ ታገለግላለች፣ ላላወቀ ትጎዳለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ «አይዞሽ፣ ጠንካራ ናት» ሲባሉ «መኪናዋስ ጠንካራ ናት፤ ልጆቼ ግን ሥጋ ናቸው» ብለው ይመልሱና ልጆችዎን ከፍራሹ ላይ ያውርዱ። ከዚያም ወንበር ይጠይቁ። መንገዱ ትንሽ ቢዘገይም አያት በደጃፍ ቆማ የምትጠብቀው ሁሉም በሰላም እስኪደርሱ ነው።